መራራው ጽዋ የማን ነበር?

ነርሷ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ «አናጢው የጥፋት ድግምቱን የጣለው ወንድሜ ላይ ነው። በቅዳሜ የተረት ጨዋታችን ደንብ የሞተ ሰው መራራውን ጽዋ ይጠጣል። ወንድሜም ጠጣ፤ ሞተ። ጽዋው ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቀው ድግምቱን የሚጥለው ሰው ብቻ ነው።»

አናጢው የሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ድግምቱን የጣልኩት ዘንዶው ላይ ነው። ጽዋው የእኔ ነበር። ወዳጄ ከእጄ ወስዶ ጠጣልኝ።»

መርማሪዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ስታይ አለቃዋ በሩ ላይ ቆመ። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ ስለማያልፋት ነው።

«አሁንም እያበጠርሽ ነው?» አላት። «አናጢው ከዚህ በፊትም የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ነገ ጠዋት ክሱ ይገባል።»

«ያኔ ፍርድ ቤቱ ነጻ ነህ ብሎታል።»

«ዕድለኛ ነበራ!»

«እንግዲያው ዛሬ ገና የእኔ ቀን ነው» አለችና ኮቷን አነሳች።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከእናቱና ከነርሷ እህቱ ጋር ይኖር በነበረበት ቤት ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛው እንደነበረ ቆይቷል። ከእንጨት የተቀረጹ ትንንሽ ሰዎች፣ ክንፉ የተዘረጋ ዘንዶ፣ ሲጣሉ ቁጥር የሚያወጡ ባለ ሃያ ገጽ ዳይሶች፣ አራት ወንበሮች። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት አራት ሰዎች እዚህ ይቀመጣሉ። መጽሐፍ ጠራዡ ተረቱን ይመራል፤ ሦስቱ እንደየገጸ ባሕርያቸው ይናገራሉ፤ የሚሆነውን ዳይስ ይወስናል። ሰዓት ሠሪው ጋሻ ያዥ፣ ነርሷ ፈዋሽ፣ አናጢው ደግሞ አስማተኛ ነበሩ።

እናትየው መስኮቱ አጠገብ ጥቁር ቀሚስ ይጠግናሉ።

«እማማ፣ ጽዋው የተሞላው ወጥ ቤት ነው። እርስዎም እዚያው ነበሩ። ማን ሞላው?»

«ምኑን አይቼ ልጄ? ዓይኔ ደክሟል። ሰው ሲገባ ሲወጣ ጥላው ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ምን ነበረበት?»

«የብርቱካን ልጣጭ ቀቅለው ነው የሚያዘጋጁት። እንደ ሬት ይመራል። ልጄ ሲጠጣው ፊቱን ሲያጨማድድ እስቅበት ነበር።» ክሩ አለቀባቸው። አዲስ ክር ቆርጠው በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ አሾለኩት።

መርማሪዋ ይህን ልብ አለች።

ጠራዡ ሰዓት ሠሪው ሲወድቅ ደንግጦ የደም ግፊቱ በመነሳቱ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። መርማሪዋ ያገኘችው ከአልጋው ሊወርድ ጫማውን ሲፈልግ ነው።

«ጋሼ፣ በደንባችሁ ጽዋውን የሚጠጣው ማን ነው? የሞተው ወይስ ድግምቱን የጣለው?»

«የሞተው? ማነው እንዲህ ያለሽ?» ሽማግሌው ተቆጣ። «እንደዚያ ቢሆንማ በየሳምንቱ ሆዳችን ይላጥ ነበር!» ከትራሱ ሥር በቆዳ የተጠረዘ ደብተር አወጣ። «እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ የኔ እህት። የማን ተራ እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለ። ሙያዬ ወረቀት አይደል?»

የመጀመሪያው ገጽ ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፏል፦ «ድምሰሳ የተባለውን የጥፋት ድግምት የሚጥል ሰው ከሳምንት በፊት ለሁሉም ያስታውቅ። በጣለው ዕለት ዋጋውን፣ መራራውን ጽዋ፣ ይጠጣ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ እስከ አተላው።»

«ለምን እንዲህ ከበደ?»

«ከተማ የሚያወድም ነገር በቀላሉ እጅ መግባት የለበትም ብለን ነዋ! በጨዋታም ቢሆን።»

የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችና ደብተሩን በብብቷ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አናጢው እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። እናትየው መስኮቱ ጋ እንደሆኑ ቀሩ።

«ከጽዋው እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ውስጡ የተገኘው የልብ መድኃኒት ጠብታ ነው፤ ከልክ በላይ። መራራ ነገር ውስጥ ጣዕሙ አይታወቅም። ጋሼ፣ ድምሰሳን እጥላለሁ ብሎ ያስታወቀው ማነው?»

«አናጢው። ከዚያ ቀደም ባለው ቅዳሜ፣ ሁላችንም ባለንበት።»

«ስለዚህ ጽዋውን ማን እንደሚጠጣ ሁላችሁም ሳምንት ሙሉ ታውቁ ነበር። የተሞላው ለአናጢው ነው። መርዙም ለአናጢው ነው።»

ነርሷ ቀና አለች። «ታዲያ ወንድሜ ለምን ሞተ?»

መርማሪዋ ደብተሩን ገልጣ አነበበች፦ «ጋሻ ያዡ፦ "ዋጋው በእኔ ይሁን" አለ። ከዚህ በፊት ያልተጠየቀ ነገር ስለሆነ ዳይስ ተጣለ። ሃያ። ተፈቀደ።»

አናጢው አንገቱን ደፋ። «"አንተ የበቃህን ያህል ጠጥተሃል" ነው ያለኝ። እየሳቀ።»

«ይህን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ዳይሱ ነው የወሰነው። አናጢው የገዛ ጽዋውን አይመርዝም። ራሱን ሊገድል ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወዳጁ ሲያነሳው ዝም ብሎ አያይም ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ ሲደርሱ ጽዋው የት ነበር?»

«ጠረጴዛው ላይ። ሁሌም መጨረሻ የምደርሰው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ አላስኬድ እያለኝ።»

«እንግዲያው የሞላው እርስዎ አይደሉም» ብላ መርማሪዋ ቀጣዩን መስመር አነበበች። «"ፈዋሿ ተቃወመች። ደንቡ አይፈቅድም አለች። ሦስት ጊዜ።" ስለ ደንብ ተከራክራ ታውቃለች?»

«ኧረ እሷ ደንቡን አንብባውም አታውቅ!» አለ ጠራዡ። ከአፉ ካወጣው በኋላ የተናገረው ገባው፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«የምትሠሪው የልብ ሕሙማን ክፍል ነው» አለቻት መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባልሽ ቀለም ቀቢ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ሰው ከሠራው መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ወንድምሽ ይቅር ብሎት ወደዚህ ጠረጴዛ አመጣው።»

«ይቅር ማለት ለእሱ ቀላል ነው!» ጮኸች ነርሷ። «ባል የሞተበት እሱ አይደለም!»

«አንቺ አልቻልሽም። ሦስት ጊዜ ተቃወምሽ። አራተኛው ጽዋውን መድፋት ነበር። ብትደፊው ግን ለምን ደፋሽው ትባያለሽ። ያንን ስታስቢ ጠጣው። ከዚያ ደንቡን ገልብጠሽ ነገርሽን፤ ጽዋው የጀመረውን የመስቀያው ገመድ እንዲጨርሰው።»

ነርሷ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች።

«ደብተር ነው ያለሽ። የተረት ደብተር። ጠብታውን ማን እንደጨመረ ተጽፎበታል?»

«አልተጻፈም» አለች መርማሪዋ። «ያንን ያየች አንዲት ሰው አለች። ካልተናገረች ክሱ ነገ በአናጢው ላይ ይገባል። አለቃዬ በደብተር አይመለስም።»

መስኮቱ ጋ መርፌው ቆመ።

«እማዬ አላየችም» አለች ነርሷ በፍጥነት። «ዓይኗ ደካማ ነው። አይደል እማዬ?»

እናትየው የአናጢውን ካቴና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እማማ» አለ አናጢው። «አንድ ልጅ ነው የቀረዎት። ለእኔ ብለው...»

«ዝም በል አንተ!» አሉት። ቀሚሱን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፤ መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩ፤ ቀስ ብለው መጥተው በሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነርሷ እጃቸውን ልትይዝ እጇን ብትዘረጋ አልሸሹም፤ አጥብቀው ያዟት።

«ልጄ ይህ ሰው እንዲተርፍ ብሎ ጠጣ። ጨዋታ መስሎት ነው፤ ግን ለእሱ ብሎ ነው የጠጣው። እኔ መልሼ ላስገድለው?»

«እማዬ፣ በናትሽ...»

እጇን ሳይለቁ ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ዓይኔ ደህና ነው። ወረቀትሽን አውጪ፤ ያየሁትን እናገራለሁ።»