የመጨረሻው ዓሣ

«ኧረ አትንፋበት፤ ምራቅህ ይነካዋል» አለች ሜትር።

ራዲዮ አልሰማም። መንገዱ ዳር ተንበርክኮ፣ ጉንጩን እንደ ፊኛ ነፍቶ፣ የጎርፍ መውረጃው ክዳን ላይ የሳሉትን ነጭ ዓሣ በትንፋሹ ሊያደርቅ ይታገላል። ዓሣው የመጨረሻው ነበር። በሰፈሩ ክዳኖች ሁሉ ላይ አንዳንድ ዓሣ ስለው፣ ከሥሩም «ይህ ውሃ ወንዝ ይገባል» ብለው ጽፈው ጨርሰዋል። ይሄኛው ከአጎቷ የቀለም ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ነው።

«ጭራው ከሌሎቹ በግማሽ ሴንቲ ይበልጣል» አለች፣ ማስመሪያዋን ከክዳኑ ላይ እያነሳች።

«ታዲያ ምን ይሁን? የዚህኛው እናት ጥሩ አብልታዋለች።»

«ሜትር» የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ከሥራ ሳጥኑ መለኪያውን ወስዳ የጎረቤቱን ድመት ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለክታ ነበር። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ያልለካችውን ነገር ዛሬም አታምንም። ራዲዮ ደግሞ ራዲዮ የተባለው ተኝቶም ስለሚያወራ ነው። ይህን ያለችው እናቱ ናት።

እየመሸ ነበር። ራዲዮ ቤት የሚጠብቀው ሥራ አለ፤ እሷም የነገውን ንግግሯን አላጠናችም። ብሩሾቹን ባልዲ ውስጥ ነክራ አሸች። ውሃው ወተት መሰለ። ራዲዮ ባልዲውን አንስቶ ወደ ክዳኑ ቀዳዳ አዘነበለው።

«ዓሣውን እንዳትነካብኝ» አለችው።

«አልነካሁትም አቦ። ያውልሽ፣ ጠብታ አላረፈበትም።»

እውነትም ጠብታ አላረፈበትም። ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው በወንዙ ድልድይ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። እነሜትር ያሉበት የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ የሆኑት የባዮሎጂ መምህርት የሰፈሩን ሰው የጠሩት አንድ ነገር ሊያሳዩት ነው። ራዲዮ ቢጫ የአበባ ቅጠል ቀለም ሱቁ ፊት ባለው ቀዳዳ ይጨምራል፣ ውሃ ያፈስበታል፤ ቅጠሉ ድልድዩ ሥር ካለው ትልቅ ቱቦ ሲወጣ ሁሉም ያያል። ከዚያ ሜትር ትናገራለች፦ ከመንገድ የሚወርደውን ውሃ መሀል ላይ የሚያጣራው ነገር የለም፤ የሳሙናው አረፋም፣ የተቃጠለው ዘይትም እንዳለ ወንዝ ይገባል።

ቅጠሉ ያስፈለገው በተለይ ለባለዳቦ ቤቷ ነበር። «ያ ጉድጓድ ቆሻሻ ማጣሪያው ጋ ነው የሚሄደው፤ እኔን እዚህ ሰፈር ያደግሁትን አንዲት ልጅ ልታስተምረኝ?» ብለው ነበር ባለፈው ሳምንት። ለመጨቃጨቅ እንጂ ለክፋት አልነበረም፤ ይኸው ከሁሉም ቀድመው መጥተዋል።

ሜትር ከድልድዩ አጎንብሳ ቱቦውን አየችው። ሌሊት ካፊያ ጥሎ ነበር። ከቱቦው አፍ ሥር ያሉት ድንጋዮች ነጭ ሆነዋል። ነጩ ከድንጋይ ድንጋይ እየተዘረጋ እስከ ቄጠማው ድረስ ወርዷል፣ ቄጠማው ሥር ያለው ኩሬም ደፍርሷል።

«ራዲዮ» አለች በቀስታ። «ትናንት ባልዲውን የት ደፋነው?»

ራዲዮ ወደ ታች አየ። «ተበላን» አለ።

ሌላውም ሰው አየው። ጉርምርምታ ተነሳ። ባለዳቦ ቤቷ የድልድዩን ብረት ይዘው አጎነበሱና ቀና አሉ።

«ይሄ የማን ሥራ እንደሆነ ማንም አያጣውም። ሰፈሩ ውስጥ ቀለም የሚነካ አንድ ሰው ነው ያለው። እኔም ሞኟ ዳቦ ቤቴን ቀባልኝ ብዬ ነግሬዋለሁ። እንጃ እንግዲህ፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሜትር ፊቷ ጋለ። አጎቷ ድሮ ብሩሹን የሚያጥበው መንገድ ላይ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ስትጨቀጭቀው ከርማ ትቶታል። አሁን እጣቢውን ከጓሮ በርሜል ውስጥ ያጠራቅማል፣ ቀለሙ ረግቶ ሲደርቅ ይጠርገዋል። «ለሜትር ስል በርሜል ላሳድግ» እያለ ለደንበኞቹ ያወራል። ይህን ሁሉ ያደረገው እሷ ስላለችው ነው።

ልክ ያኔ አጎቷ ራሱ ከመንገዱ ማዶ መጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ንግግሯን ሊሰማ ነው።

«መጣህ?» አሉት ባለዳቦ ቤቷ። «ና እስቲ ይሄን እየውና ንገረኝ።»

አጎቷ አጎንብሶ አየ። ነጩን አየ። ከዚያ ዞሮ ድምፅ ማጉያውን የያዘውን የሜትርን እጅ አየ። ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም ነበር፤ በሳሙናም አልለቀቀም።

«ቀለሙ የኔ ነው፣ እትዬ» አለ።

ውሸት አልነበረም፤ ጣሳውን ለክበቡ የሰጠው እሱ ነው። ባለዳቦ ቤቷ ግን «አላልኩም?» ብለው ለአጠገባቸው ሰው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ራዲዮ ክርኗን ነካት። «ስሚ፣ ዝም እንበል። እሱ ራሱ ተሸከመው እኮ። ሼም ነው አሁን፣ ዓሣ ስለን ስለን…» የቅጠሉን ከረጢት አሳያት። «ልሂድና ቅጠሉን ልጨምር?»

አጎቷ ከሰዉ ኋላ ሄዶ ቆመ፣ እጁን አጣምሮ። ሲያያት ጠቀሳት፤ ሁሌም ፈተና ልትገባ ስትል እንደሚያደርገው።

«ተወው» አለችው ራዲዮን። «ቅጠል አያስፈልግም። ባልዲው የት ነው?»

«ከብሩሾቹ ጋር፣ ያውና። ምን ልታደርጊበት?»

መምህርቷ ሰዓታቸውን አዩና «ልጄ፣ እንጀምር?» አሏት። አንገቷን ነቀነቀችላቸው። ያጠናችው ንግግር «የተከበራችሁ ነዋሪዎች» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለው ጠፍቷታል። ሄዳ ሰማያዊውን ባልዲ አመጣችና ዳር ዳሩ የደረቀው ነጭ ቀለም ለባለዳቦ ቤቷ በደንብ እንዲታይ አድርጋ ድልድዩ መሀል አስቀመጠችው። ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።

«ቀለሙ ከአጎቴ ሱቅ ነው» አለች። «ባልዲው ግን የእኛ ነው። ትናንት ማታ የመጨረሻውን ዓሣ ስለን ብሩሹን አጠብን፤ እጣቢውን እዚያው ዓሣው አጠገብ ደፋነው። ዓሣውን እንዳይነካው ተጠንቅቀን።»

አንድ ሰው ሳቀ። ራዲዮ መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

ባለዳቦ ቤቷ ባልዲውን አዩ። ቀና ብለው ራቅ ወዳለው ቀለም ሱቅ፣ ከዚያ ዝቅ ብለው ወደ ነጮቹ ድንጋዮች አዩ። እንደገና መንገዱን በዓይናቸው ተከተሉት።

«ከዚያ ጉድጓድ?» አሉ። «እዚህ ድረስ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ሜትር። «እዚህ ድረስ።»