ያጠራሁት ፊት

እመኑኝ፣ ይሄ አሶሳ ውስጥ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሌሊትም አልነበረም... ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ።

አስተማሪ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ እማማ ብኸይታ ግቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሰርግ ቢሉ ምርቃት ቢሉ፣ በስልክ ፎቶ ለማንሳት "ስርጉትን ጥሯት" ነው። "ሌንሱን ጥረጉ፣ ዙም አታድርጉ፣ ተጠጉ፣ ትንፋሽ ያዙ" እያልኩ ሰው ሳሰለች የምውል ጉረኛ!

የእማማ አንድ ልጅ ኢዘዲን፣ መንጌ ወረዳ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት ሞተ።

የቀራቸው ፎቶ እኔ በዒድ ዕለት ያነሳሁት ብቻ ነበር።

እሱም... ደብዛዛ። ሥጋ በበላሁበት እጅ ሌንሱን ነክቼ፣ መነሳት ሰንፌ፣ ከተቀመጥኩበት በዙም ስቤ ያነሳሁት። ፊቱ ጭጋግ ነው።

ይሄን ለማን ልንገር? አፈርኩ። ፎቶ የሚያጠራ አፕ አወረድኩ።

ጠራ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ግን ኢዘዲን አልነበረም።

ከግራ ዓይኑ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለው ሰው ነው። አይቼው አላውቅም።

እያወቅኩ አሳጥቤ በፍሬም ሰጠኋቸው። እማማ ፍሬሙን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት...

"ቢንቲ፣ ይሄ ኢዘዲን ነው?" የቤርታ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ "ልጄ" ለማለት ሲያቆላምጡኝ "ቢንቲ" ይሉኛል።

"አዎ እማማ፣ ልጅዎ ነው።"

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ወዲህ በራቸው ላይ የወንድ ጫማ ማየት ጀመርኩ። ከኢዘዲን እግር ይሰፋል።

ምሳም በሁለት ሳህን ያቀርቡ ጀመር።

የአርባው ሰደቃ ዕለት ግቢው በጎረቤት ሞላ። እማማ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ወንበር አለ።

"ፎቶ አንሳን" አሉኝ።

"እርስዎንና... ማንን?"

በዓይናቸው ወንበሩን አሳዩኝ።

እምቢ ለማለት አፈርኩ። እንደማስተምረው ሌንሱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ፣ ተጠጋሁ፣ ክንዴን ከጎኔ አጣበቅኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ።

ስልኩ ፊት ሲያገኝ የሚያወጣት ቢጫ ሳጥን እማማ ፊት ላይ አረፈች።

ሁለተኛዋ... ባዶው ወንበር ላይ።



"ቢንቲ..." አሉ በሹክሹክታ፣ ፊታቸውን ወደ ወንበሩ ሳያዞሩ። "እሱ ኢዘዲን አይደለም። እኔ አውቃለሁ፣ ወላሂ። አንተ 'ልጅ ነው' አለ፣ እሱ መጣ። አንተ ንገረው... ይሂድ።"

"ዋሽቻለሁ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ቃል!

በሩ ክፍት ነው። ከውጭ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ነገ ገበያ ላይ ምን ይሉኛል? ተማሪዎቼስ?

"ንገረው..." እንባቸው ወረደ።

"ልጅዎ ነው" አልኩ።

ይኸው ዛሬ መዋሸቴን ለእናንተ ተናገርኩ፤ ምን ዋጋ አለው።

ወንበሩ ሲጥ አለ።

ቢጫዋ ሳጥን ከወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ከፍ አለች... ሰፋች... አሁንም ሰፋች... ስክሪኑን ሞላች።

ከዚያ ሁሉም ነገር ደበዘዘ።

ስልኩን ገልብጬ አየሁ። አሁን የጠረግኩት ሌንስ ላይ የሰው ትንፋሽ አርፎበታል።