አስር ከአስር

መምህሩ የታረሙትን የኬሚስትሪ ሞዴሎች ሲመልሱ ልጅቷ በሞዴሏ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ውጤቷን አየች፤ አስር ከአስር። ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ያገኘችው ግን አራት ነው። ሁለቱ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ነበሩ።

ጓደኛዋን ክፍሉ በሙሉ ፌንጣ ይላታል፤ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥማ። አሁን ግን ወንበሯ ላይ ፈዝዛ ቀረች።

ፈተናው ከላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የፕላስቲክ ኳሶችና የሚተጣጠፉ ማያያዣዎች ይሰጡታል፤ ሰልፈሪክ አሲድን መገጣጠም ነው። ቢጫው ኳስ ሰልፈር ነው፤ ስድስት ቀዳዳ አለው። አራቱ ቀያይ ኦክስጅኖች ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ ነጫጭ ሃይድሮጅኖች ደግሞ አንድ አንድ ቀዳዳ አላቸው። «አራትና ሁለት ስድስት አይደል? ሁሉንም ሰልፈሩ ላይ ሰክተሽ መገላገል ነው» ብላ ፌንጣን ያስጠናቻት ልጅቷ ራሷ ናት። ልክክ ብሎም ገጠመ። ከእያንዳንዱ ቀይ ኳስ አንድ ቀዳዳ ባዶ መቅረቱን ሁለቱም ልብ አላሉትም።

መምህሩ የፌንጣን ሞዴል ከፍ አድርገው ስህተቱን አስረዱ። ሃይድሮጅኖቹ ሰልፈሩን አይነኩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ኦክስጅን ላይ ነው የሚያያዙት። አሲድ አሲድ የሚሆነውም እነሱ ከዚያ ሲላቀቁ ነው። የተቀሩት ሁለት ኦክስጅኖች እያንዳንዳቸው በድርብ ማያያዣ ሰልፈሩን ይይዛሉ፤ ያኔ ባዶ ቀዳዳ አይኖርም። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ዓይናቸው አንዴም ወደ ልጅቷ አልዞረም። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ክፍሉን የምትወክለው አስር ያገኘችው ልጅቷ መሆኗን ተናገሩ። ፌንጣ ዓመቱን ሙሉ ስታልመው የኖረችው ይህንን ቦታ ነበር።

የልጅቷ እናት ከሞተች ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሆኗል። ሰው ሲያያት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥፋት ብታጠፋ የሚቆጣት የለም። ቧንቧ ሠራተኛው አባቷ ያልነካችውን ሳህን ዝም ብሎ ያነሳል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላታል፤ «ደህና» ትለዋለች፤ «ጎሽ» ይላል፤ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። እሷም ምንም አይሰማትም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሁለመናዋ ደንዝዟል። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰችም።

ኮሪደሩ ላይ ፌንጣ ወለል ወለሉን እያየች እንኳን ደስ አለሽ አለቻት።

«የኔም ሞዴል እኮ ስህተት ነው» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ። አንቺ አይደለሽ ያስጠናሽኝ?» ፌንጣ ቀና አለች። «እናትሽ ስለሞተች ነው የሰጡሽ። በቃ፣ እውነቱ ይሄው ነው።»

ሞተች የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የነገራት ሰው እስካሁን አልነበረም፤ ሁሉም «ያጋጠመሽ ነገር» እያለ ነው የሚያልፈው። ፌንጣ ራሷም ደነገጠች። ፊቷን አዙራ ጥላት ሄደች።

የልጅቷ ፊት ጋለ። አፈረች፤ ተናደደችም። በማን ላይ እንደሆነ ግን አልገባትም። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሞዴሏን ይዛ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰች።

መምህሩ የተበታተኑ ኳሶችን ካርቶን ውስጥ እየለቀሙ ነበር። ሞዴሉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ የኔንም ይረሙልኝ።»

መምህሩ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። በሩን ዘጋ አደረጉና አሁን ስለ ማርክ የምትጨነቂበት ጊዜ አይደለም፣ ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል አሏት። ደግሞም ይህ ቢሰረዝ ቦታው ዘጠኝ ላገኘው ልጅ ነው የሚሄደው፤ ፌንጣ ምንም አታገኝም።

«ገብቶኛል» አለች።

«ታዲያ ምን ይጠቅምሻል?»

«ተሳሳትሽ የሚለኝ ሰው ጠፋ» አለች። «እናቴ ብትሆን ትለኝ ነበር።»

መምህሩ ሞዴሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን አንስተው አስሩን ሰረዙ፤ አራት ጻፉ። «ተሳስተሻል» አሉ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉንም በሚቆጡበት ድምፅ። «ፍቺውና እንደገና ሥሪው። ሳይስተካከል ከዚህ አትወጪም።»

ልጅቷ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ልትቀመጥ ስትል ቆም አለች።

«ፌንጣን ልጥራት» አለች። «ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

እንባዋ እየወረደ ነበር። ሳትጠርገው በሩን ከፍታ ወጣች።