የድንቡሼ ሱሪ

«ብዪ የኔ ሆድ፣ ብዪ! ቶሎ ቶሎ ብዪ፣ እሷ ሳትነሳ!»

ቅፍፌ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ አክስቷን ወጥ ቤት ውስጥ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው። መሬት ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ከፊታቸው ጎድጓዳ ሳህን፣ ሳህኑ ውስጥ ሩዝና የተቀቀለ ጉበት፣ ጉበቱ ውስጥ ደግሞ እስከ ጆሮዋ የገባች ድንቡሼ። ድንቡሼ የቤቱ ውሻ ናት። ስትበላ አፏ ይንቿቿል፣ አፍንጫዋ ያፏጫል፣ ለሃጯ በሳህኑ ጠርዝ ይዝረበረባል። እፍ! በጠዋቱ፣ ዓይን እንኳን በቅጡ ሳይገለጥ እንዲህ ያለ ነገር ማየት!

«አክስቴ! ምን እያደረጉ ነው? ዛሬ ቀዶ ጥገና አላት እኮ! ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ተብሏል!»

«እሽሽ!» አክስቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ሐኪሞች የሚሉትን እኔ አውቃለሁ። ትርፍ አንጀቴን ሲያወጡልኝ ቢላው መቼ አመመኝ? የጨረሰኝ ረሃቡ ነው! ብለምን ብለምን ጠብታ ውሃ የሚሰጠኝ ጠፋ። ይቺ ደግሞ አፍ የላት፣ ምን ብላ ትለምን? ሆዷን የሚቀዱት አንሶ በረሃብ? ኧረ አይደረግም!»

አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። ጥቂት ቀን ሊሰነብቱ መጥተው እዚያው ከረሙ። ሆደ ቡቡ ቢባል እንደሳቸው የለም። ወተት ውስጥ የገባች ዝንብ ካዩ በማንኪያ አውጥተው፣ ክንፏ እስኪደርቅላት ጠብቀው ነው የሚሸኟት። ከዚያ ወተቱን ይጠጡታል። ቅፍፌ ይህን በዓይኗ አይታለች፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ቤት ውስጥ «ቅፍፌ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። እርጥብ መወልወያ ይቀፋታል፣ የሰው ፀጉር የተጠመጠመበት ማበጠሪያ ይቀፋታል፣ ሰው ያላመጠው ማስቲካ የተለጠፈበት ዴስክ ካየች ቦታ ትቀይራለች።

«በሞቴ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉ አክስቷ ሳህኑን ከድንቡሼ አፍ ሥር እየወሰዱ። ሙልጭ ብሏል። «ከሰማች ዕድሜ ልኳን ስትነዘንዘኝ ትኖራለች።»

ቅፍፌ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። እውነቱን ለመናገር፣ ባይለምኗትም አትናገርም ነበር። ይህ ቀጠሮ እንዲሰረዝ ከማንም በላይ የማትፈልገው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንቡሼ በዓመት ሁለት ጊዜ ደም ይመጣባታል። ሲመጣባት ቤቱ ቤት መሆኑ ይቀራል። ወለሉ ላይ ጠብ፣ ምንጣፉ ላይ ጠብ፣ አንዳንዴም ሶፋው ላይ። የሰፈሩ ወንድ ውሾች በሙሉ በሩ ላይ ተሰብስበው ሲናከሱና አጥሩን ሲሸኑበት ይውላሉ። የቅፍፌ እናት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለችግር ሁሉ መፍትሔዋ መቀስና ክር ነው። የቅፍፌን አሮጌ ፒጃማ ቀዳ ለውሻዋ ሱሪ ሰፋችላት። ወገቡ ላስቲክ፣ ውስጡ ድርብ ጨርቅ፣ ከኋላው በወግ የተዘመዘመ የጅራት ማስወጫ ቀዳዳ። ወለሉ ተረፈ። ሱሪውን ማጠብ ግን የቅፍፌ ሥራ ሆነ።

«ለምን እኔ?» ብላ ነበር።

«ፒጃማው ያንቺ አይደል እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ደሙ በመጣ ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ጓንት አድርጋ፣ አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታሽ ትቆያለች። ደምና ሽንት፣ እርጥብ የውሻ ፀጉርም ተጨምሮበት፣ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ለጠላትም አይመኙት። አጥባ ስትጨርስ ማንም እንዳያየው የኋለኛው ገመድ ላይ፣ ከአንሶላዎቹ ጀርባ ታሰጣዋለች። አንድ ቀን ግን የክፍል ጓደኛዋ ቀጮ አብራት ልታጠና መጣች። ነፋሱ አንሶላውን ገለጠው።

«ይሄ ደሞ የማን ነው?» አለች ቀጮ ቀረብ ብላ። «ወይኔ! ጅራት ማስወጫ አለው! የውሻ ፓንት ታጥቢያለሽ እንዴ? ኧረ አይነፋም!»

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ላውንደሪ!» ብሎ ተጣራ። በቃ፣ ስሟ ላውንደሪ ሆኖ ቀረ። ቀጮ «ለቀልድ ነው ያወራሁት፣ አቦ አታካብጂ» ብትላትም ስሙ አልለቀቃትም።

ስለዚህ የዛሬው ቀጠሮ ለቅፍፌ የውሻዋ ብቻ አይደለም። የድንቡሼ ማህፀን ከወጣ ደም የለም፤ ደም ከሌለ ሱሪ የለም፤ ሱሪ ከሌለ ላውንደሪ የለም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ኮሪደር ገና ከበሩ ጀምሮ አቅለሸለሻት። የመድኃኒት ሽታ፣ የድመት ሽንት ሽታ፣ የሞቀ ፀጉር ሽታ። አግዳሚው ወንበር ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጣጥፎበታል። ቅፍፌ አልቀመጥም ብላ ቆመች። እናቷ ልታስመዘግብ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ድንቡሼ አንገቷን ዘረጋች፤ ሆዷ ወደ ውስጥ ስምጥ፣ ወደ ውጭ ንፍት አለ። ቅፍፌ ይህን እንቅስቃሴ ታውቀዋለች።

«እዚህ አይደለም! ድንቡሼ፣ በናትሽ እዚህ አይደለም!»

ማን ይሰማታል? ድንቡሼ ከቅፍፌ ጫማ አጠገብ ዘረገፈችው። ሞቅ ያለ ነው፤ እንፋሎት አለው። ሩዙ እንዳለ ነው፤ ሁለት የጉበት ቁራጭ በወፍራም ለሃጭ ተጠቅልሎ ያብረቀርቃል።

«ተመስገን!» አሉ አክስቷ በሹክሹክታ። «ወጣላት! አየሽ፣ ሆዷ ባዶ ሆነ፤ ጉዱም ተዳፈነ። ቶሎ ጥረጊው፣ መጣች!»

ቅፍፌ አክስቷ የያዙትን የድንቡሼን ፎጣ ነጥቃ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አፈሰችው። ከፎጣው ሥር እየተሙለጨለጨ ሲሸሻት መጮህ አማራት። ፎጣውን ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከተተችና አሰረችው። እናቷ ስትመለስ ወለሉ ላይ እርጥበት ብቻ ቀርቷል።

«ምንድን ነው?»

«ለሃጭ ነው» አሉ አክስቷ። «መኪና አልለመደችማ።»

ሐኪሟ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። ድንቡሼን ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት፣ ልቧን አዳመጠች፣ ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች፣ ከዚያ ጅራቷን ወደ ላይ አነሳች። ቅፍፌ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«በጊዜ ነው ያመጣችኋት» አለች ሐኪሟ። «ምልክት እያሳየች ነው፤ በቀናት ውስጥ ደም ልትጀምር ትችላለች። አንዴ ከጀመረች ደግሞ የደም ሥሮቹ ስለሚወጠሩ አልከፍታትም። ካለቀላት በኋላ ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ ነው።»

ቅፍፌ እፎይ አለች። ለጥቂት!

«ለመሆኑ ምን ምን ይደረግላታል፣ ዶክተር?» አለች እናቷ።

«በመርፌ እናስተኛታለን። የሆዷን ፀጉር ላጭተን፣ ትንሽ ከፍተን፣ ማህፀኗንና እንቁላል ማፍሪያዎቿን አውጥተን እንሰፋለን። ማታ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። ትንገዳገዳለች፣ ታለቃቅሳለች፣ አትደንግጡ። ስፌቱን እንዳትልሰው ነው ትልቁ ነገር። እስኪድን መዝለል የለም፣ መታጠብ የለም። ቁስሉን ጠዋትና ማታ ማየት ነው። ትንሽ ቢቀላ ምንም አይደል፤ መግል ካያችሁ ወይ ከሸተታችሁ ግን አምጧት።»

መግል! ቅፍፌ ሰውነቷን ሰቀጠጣት።

«ስፌቱን የሚሸፍን ልብስ ሰፍቼላታለሁ» አለች እናቷ። «ከዚችው ልጅ ቲሸርት።»

«ከየትኛው ቲሸርቴ?»

«ዝም በይ አንቺ።»

ሐኪሟ ሳቅ ብላ ወደ መሳቢያዋ ዞረች። «ከማታ ጀምሮ አልበላችም አይደል?»

«ኧረ ምንም!» አለች እናቷ ኮራ ብላ። «ራሴ ነኝ ሳህኗን ያነሳሁት።»

«ጎሽ። ስትተኛ ጉሮሮዋ አይሠራም እኮ። ሆዷ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባዋ ይገባል። ታንቃ ልትሞትብኝ ትችላለች።»

የአክስቷ ፊት አመድ መሰለ። ቅፍፌን አዩዋት፣ ፌስታሉን አዩት፣ መልሰው ቅፍፌን አዩዋት። ወጥቶላታል እኮ፣ ነው የሚሉት፤ አፋቸው ባይናገርም ዓይናቸው ይናገራል።

ወጥቶላታል? ቅፍፌም እንዲያ ለማመን ፈለገች። ግን ያፈሰችው እሷ ናት። አስጠልቷት፣ ቀፍፏት፣ ግን እያንዳንዱን ፍሬ አይታዋለች። ሁለት ቁራጭ ጉበትና ጥቂት ሩዝ። ጠዋት ሙልጭ ብሎ ያየችው ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ነው። የቀረው የት ሄደ? ሐኪሟ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ መድኃኒቱን ትስባለች። ዝም ማለት ይቻላል። ምናልባት ምንም አይፈጠርም። ምናልባት ማታ ድንቡሼ እየተንገዳገደች ቤቷ ትገባለች፣ ሱሪውም ይጣላል። ምናልባት።

ድንቡሼ አንገቷን ዘርግታ የቅፍፌን እጅ ላሰች። ምላሷ ያንኑ የጉበት ሽታ ይሸታል፤ ለሃጩ በጣቶቿ መሃል ገባ። ቅፍፌ እጇን መንጭቃ ሱሪዋ ላይ ጠረገችው። ከዚያ ፌስታሉን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ ይሄን ይዩት።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ።

ቅፍፌ ፈታችው። ሽታው ፊቷ ላይ ወጣ፤ አፏ በምራቅ ተሞላ፤ ዋጠችው። ፎጣውን በሁለት ጣቷ ገለጠች።

«እዚህ ኮሪደሩ ላይ ነው ያስመለሳት።»

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ አየች። «ጉበት። መቼ በላች?»

«ዛሬ ጠዋት። ሳህን ሙሉ። የወጣው ይሄ ብቻ ነው።»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠችው።

«አንቺ ነሽ ያበላሻት?» እናቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «መልሺልኝ እንጂ! አንቺ ነሽ?»

ቅፍፌ የድንቡሼን ጆሮ ማሻሸት ያዘች። ስለ ምግቡ መናገር ነበረባት፤ ስላበላት ሰው ግን ማንም ከአፏ ቃል አያወጣም።

«እሷን ተያት» አሉ አክስቷ። «እኔ ነኝ። አንጀቴ አልችል አለ።»

«እትዬ! ልትገድያት ነበር እኮ!»

«እኔ ምን አውቄ? ለኔም ማንም አልነገረኝም! ዝም ብለው አስራቡኝ እንጂ ለምን እንደሆነ መች ነገሩኝ?» አክስቷ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ድንቡሼን አቅፈው ግንባሯን ሳሙት፤ ድንቡሼም በዚያው አፏ አገጫቸውን ላሰችላቸው። እሳቸው ግን አልጠረጉትም።

«ዛሬ አልነካትም» አለች ሐኪሟ። «ነገ ጠዋት ደግሞ ለከብት ክትባት ወጥቼ፣ የምመለሰው ሌላ ሳምንት ነው። እስከዚያ ደሙ ይጀምራታል። በቃ፣ አልቆላት ሁለት ሦስት ወር ስታርፍ አምጧት።» ፌስታሉን መልሳ አሰረችውና ለቅፍፌ ቀስ ብላ «ይሄን ይዘሽ መግባትሽ ጥሩ ነው» አለቻት።

ታክሲ ውስጥ እናቷ ከፊት ተቀምጣ አንገቷን አላዞረችም። አክስቷ ከኋላ ያፍንጫቸውን ውሃ ይስባሉ። ድንቡሼ ከመሃል ሆና ታንኮራፋለች።

«እማዬ» አለች ቅፍፌ ሊደርሱ ሲሉ። «ሱሪውን ጥለሽዋል?»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። «መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ደሙ ሐኪሟ ከምትመለስበት ቀን ቀድሞ መጣ። ወንድ ውሾቹም ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ በሩ ላይ ተሰለፉ። ቅፍፌ ከትምህርት ቤት መጥታ ጓንቷን ስታጠልቅ አክስቷ መዘፍዘፊያውን ይዘው ቀደሟት።

«አምጪው፣ እኔ ልጠበው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እርስዎ ይለቅልቁ፤ እኔ አሻለሁ» አለች ቅፍፌ። «ለሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ዋዜማውን እኔ ክፍል ነው የሚያድሩት። በሩን እቆልፋለሁ።»

አክስቷ ከት ብለው ሳቁ። ውሃው ቡናማ ሆነ፤ ሽታው ተነሳ። ቅፍፌ እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ እየቀፈፋትም ቢሆን ተመለሰች። ሳያዩ ማሸት አያስለቅቀውም፤ ዞሮ ዞሮ ሁለቴ ማጠብ ነው።

ሱሪውን ጨምቃ ይዛ ወደ አንሶላዎቹ ጀርባ ስትሄድ በሩ ተንኳኳ።

«ላውንደሪ! አለሽ?» የቀጮ ድምፅ ነው። «ሒሳቡ አልገባኝም፣ ክፈቺልኝ!»

ቅፍፌ በእጇ የሚንጠባጠበውን ሱሪ አየችው። ከዚያ ተመልሳ በሩ ፊት ለፊት ባለው ገመድ ላይ ሰቀለችው፤ የጅራት ማስወጫው እንዳይጨማደድ ግራና ቀኝ በመቆንጠጫ ወጠረችው።

«እፍ!» አለችና ጓንቷን አውልቃ በሩን ልትከፍት ሄደች።