መራራው ጠብታ

ገብረሚካኤል ሞቶ የተገኘው የዐይኑ ሞራ ተገፎለት ማየት በጀመረ በሳምንቱ ነው። ኢንስፔክተር ኸይሪያ ከቦንጋ ተነሥታ ማንኪራ መንደር ስትደርስ ዘመድ አዝማዱ ግቢውን ሞልቶታል፤ የሚያለቅስ ግን ጥቂት ነበር። አብዛኛው የሟቹን ሚስት የአልጣሽን ጓዝ እያወጣ ጭቃ ላይ ይወረውራል። ሰው ለመፍረድ መቼም ሰንፎ አያውቅም።

ሬሳው አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ከንፈሩ ከውስጥ ቆስሏል፤ በትራስ ታፍኗል። ኸይሪያ የታከመውን ዐይን በባትሪ አየችው። ብሌኑ ላይ እንደ ኖራ የነጣ ነገር ደርቋል።

«ምኑን ነው የሚያዩት? እሷን ይዘው ይሂዱ» አላት ተሰማ፣ ሟቹ ከቀድሞ ሚስቱ የወለደው ጎልማሳ።

አልጣሽ ከገበያ የተመለሰችው ሲመሽ እንደሆነና ባሏን ስትነካው እንደ ቀዘቀዘ ተናገረች። ያገባችው ዐይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። አስታከመችው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ዐይኑ እንዳይቆጣ የታዘዘውን ጠብታ ስታደርግለት ሰነበተች። በመጪው ቅዳሜ ጫካ ወጥቶ የንብ ቀፎዎቹን ሊያይ ቸኩሎ ነበር።

ቀፎዎቹን በዕውርነቱ ዘመን የያዘለት ወንድሙ ባፈና ነው። እሱም ሳይጠየቅ መለሰ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠብታውን አደረግሁለት። ‹ይመራል› አለኝ፤ ስቀን ተለያየን። ዋሽቼ እንደሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው! ከዚያ ወዲያ የገባችው እሷ ብቻ ናት።»

ተሰማም ግቢ ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ፣ አጎቱ ጠብታውን ሲያደርግለት በበሩ እንዳየ ተናገረ።

«ነቅንቀውት ነበር፣ ጋሽ ባፈና?» አለች ኸይሪያ።

«በደንብ! ሐኪሙ እንዳዘዘው።»

ጠርሙሱ የት እንዳለ ስትጠይቅ ተሰማ ከኪሱ አወጣው። አጎቱ ሲወጣ ከአልጣሽ እጅ እንዳይገባ ብሎ ሰጥቶት፣ ከዚያ ወዲህ ከኪሱ እንዳልተለየ በኩራት ተናገረ።

ኸይሪያ አንድ ፖሊስ ወደ ጫካው ላከች። ሲመለስ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበችና ጠርሙሱን ነቀነቀችው። የዘቀጠው ተነሥቶ ወተት መሰለ።

«ይህ መድኃኒት በሕይወት ካለ ሰው ዐይን ላይ እንዲህ አይጋገርም» አለች። «ሰውየው ያርገበግባል፤ እንባው ያጥበዋል፤ የቀረው በአፍንጫው ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። የሚመረውም ለዚህ ነው። በገብረሚካኤል ዐይን ላይ ግን እንደ ወደቀ ደርቋል። ጠብታው ሲገባ አላርገበገበም፤ ሞቶ ነበር።»

«እሷ ናታ! ገድላው ያደረገችበት ይሆናል» አለ ተሰማ።

«በምን? ጠርሙሱ አንተ ኪስ ውስጥ ነበር።»

ተሰማ እጁን ወደ ባዶ ኪሱ ሰደደ። ለአልጣሽ የነበረው ጥላቻ ምስክሯ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

«ጋሽ ባፈና፣ ወንድምዎን ገድለው ልጁ በበሩ እንዲያይዎት ለሬሳ ጠብታ አደረጉ» አለች ኸይሪያ። «የሞተ ሰው ‹ይመራል› አይልም። ቀፎዎቹን ፖሊሱ አይቷቸዋል፤ የገብረሚካኤል ምልክት ተፍቆ የእርስዎ ተቀርጿል። ቅዳሜ እሱም ያየው ነበር።»

ባፈና እጁን ወደ ጫካው ዘረጋ።

«ዛፍ ላይ የወጣሁት እኔ፣ የተነደፍሁት እኔ!» አለ። «ዕውር ተቀምጦ ማር በላ። ዐይኑ ሲበራ ደግሞ ሌባ ሊለኝ ነው?»

በካቴና ሲወስዱት ከዘመዶቹ አንድም ቀና ብሎ ያየው የለም። ተሰማ ከጭቃው ላይ የአልጣሽን ነጠላ አነሣ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ዕቃውን ላስገባልሽ» አላት። እትዬ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

አልጣሽ ነጠላዋን ከእጁ ነጠቀችው።

«አባትህ ሳያየኝ አገባኝ። አይቶኝም አልተጸጸተም። እናንተ በደህና ዐይናችሁ ይህን ሁሉ ዓመት ስታዩኝ ምን ነበር ያያችሁት?»

ሬሳው ለምርመራ ወደ ቦንጋ ሲጫን አብራ መኪናው ላይ ወጣችና ራስጌው ተቀመጠች።