በየዓርቡ «ንጹሕ» ተብሎ የተፈረመው ፍተሻ

ዶን አፓሪሲዮ በፓይሳንዱ ከተማ ራሳቸው ባቋቋሙት ክሊኒክ ለሕክምና ተኝተው ሳለ፣ ቅዳሜ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ፌሬይራ በኮምፒውተር አምስት ዩኒት ኢንሱሊን፣ የስኳር መድኃኒት፣ ነበር ያዘዘው፤ ነርሷ ሱልማ ሃምሳ ወጋቻቸው።

«ስክሪኑ ላይ ሃምሳ ነው የሚለው!» አለች ሱልማ።

«ዓይንሽ ዜሮ ይወልዳል እንዴ?» አላት ሥራ አስኪያጁ ኔልሰን፣ የሟቹ የወንድም ልጅ።

ኢንስፔክተር ቤንታንኩር ማቴ የተባለውን የቅጠል ሻይዋን እየመጠጠች ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ወደ ዊልማር ዞረች። ለዊልማር የመጀመሪያውን የኮምፒውተር መጽሐፍ የገዙለት ሟቹ ነበሩ።

«ትእዛዝ መንገድ ላይ ሊቀየር ይችላል?»

«የነርሷ ኮምፒውተር ላይ የሐሰት ዲጂታል የምስክር ወረቀት፣ ማለትም የላኪው መታወቂያ፣ ከተጫነ ብቻ። ያኔ በላኪና በተቀባይ መሐል የገባ ሰው መልእክቱን ከፍቶ፣ ለውጦ፣ መልሶ ያሽገዋል። ግን በየዓርቡ በስክሪፕት፣ ራሴ በጻፍኩት አጭር ፕሮግራም፣ እፈትሻለሁ። ትናንትም ንጹሕ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«እስቲ እያየሁህ ፈትሽ።»

በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ የፍተሻውን ትእዛዝ ጻፈ። ምንም አልወጣም።

«ስክሪፕቱ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

ዊልማር የስክሪፕቱን መስመር ደግሞ አነበበው። ዝም ቢል ሱልማ እስር ቤት ትገባለች፤ ቢናገር የሽማግሌው ደም በእሱም እጅ ነው።

«በሠላሳ ቀን ውስጥ ጊዜያቸው የሚያልፍባቸውን ወረቀቶች ብቻ። የሚያስቸግረን እሱ ስለነበር... አዲስ የገባውን አያሳይም።»

ሠላሳ ቀን የሚለውን መስመር ሰረዘው። ሙሉው ዝርዝር ተዘረገፈ። ከታች ለዐሥር ዓመት የሚያገለግል አንድ ወረቀት፤ የተጫነው ማክሰኞ፣ በቀትር እንቅልፍ ሰዓት።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በክሊኒኩ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበች።

«ሐኪሙ መግደል ቢፈልግ ሃምሳ ብሎ ይጽፍ ነበር። ነርሷ ብትፈልግ ዝም ብላ ትወጋ ነበር። መንገድ ላይ መቀየር የሚያስፈልገው የማይጽፍ፣ የማይወጋ ሰው ነው። ለመጫን ደግሞ የዊልማር የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ለማን ሰጠህ?»

«ለኔልሰን። ሌሊት ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥር ከእንቅልፌ እንዳይቀሰቅሰኝ ብዬ።»

«የሰነፍ ወሬ!» አለ ኔልሰን። «ለምን እሱ ራሱ አይሆንም?»

«እሱ ቢሆን ፊቴ ያቺን መስመር ባልሰረዛት ነበር። የሐሰት ወረቀቱ የተሠራበት የምስጢር ቁልፍ የተገኘውም ያንተ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አጎትህ ሰኞ ክሊኒኩን ለከተማው አስተዳደር ሊያስረክቡ ነበር፤ አንተም ከሥራ አስኪያጅነት ወንበርህ ልትነሣ።»

ኔልሰን ተነሣ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ነበር።

ሱልማ እንባዋን ጠረገች። «ዊልማር፣ ትናንት ንጹሕ ብለህ ስትፈርም...»

«አላየሁትም፣ ሱልማ። ሙሉውን ዝርዝር አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ካፖርቷን አንሥታ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።