የሐሙሱ ይቅር

ኣንዶም ሞቶ የተገኘው ከቤተሰቡ ግቢ ግንብ ውጪ፣ መሬቱ ወደ ታች በሚያዘቀዝቅበት በኩል ነው። ኢንስፔክተር ሳምራዊት ስትደርስ ጋቢ አልብሰውታል። ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ያገኙት እናቱ ኣደይ ኣስካል የግቢውን በር ሊከፍቱላት ቢሞክሩ፣ ቁልፉን ያሰሩበት የነጠላቸው ቋጠሮ አልፈታ አላቸው። በጥርሳቸው ፈቱት።

«ራሱን ወርውሮ ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ፍትሐት የለውም። ጓለይ፣ ልጄ፣ እሱን ብቻ እወቂልኝ» አሏት።

ሳምራዊት ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ሴት ልጅ አለቻት፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስላታል።

የኣንዶምን አጎት ለብቻው አነጋገረችው።

«ኣያ ረዳኢ፣ ከልጁ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ምን መጣላት አለው! ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ለባብሶ ሊወጣ ሲል፣ ‹የእብድ ሐኪም ጋ ስትገባ ታይተሃል፤ የእህትህ ሠርግ እኮ ደርሷል› አልኩት። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ይኸው ነው።»

ከዚያ ዓይደር ሆስፒታል ወረደች። ኣንዶምን ያክም የነበረው የሥነ ልቦና አማካሪ እስክንድር ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ የአገሬውን ቋንቋ ገና አልለመደም።

«ብዙዎች መሀል ላይ ይተዋሉ» አላት። «አንዱ ያፍራል፣ አንዱ የዳነ ይመስለዋል፣ አንዱ እኔን አይወደኝም። ኣንዶም ግን በግልጽ ነው ያቋረጠው።»

ስልኩን አሳያት። «የሐሙሱ ይቅር» ይላል።

«ምን ብለህ መለስክለት?»

«ምንም። ላስጨንቀው አልፈለግኩም። ሰዓቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። እናቱን ግን ‹ሕክምናውን ትቷል፣ ዓይንዎን አይንቀሉበት› አልኳቸው።»

«መልእክቱ መቼ ገባ?»

«ባለፈው ዓርብ፣ በቀረ ማግስት።»

ሳምራዊት ደንገጥ ብላ አየችው፤ ቀኑን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ተመልሳ ግንቡን ዞረችው። በውስጥ በኩል የተደፋ ጀሪካን አለ። በግንቡ አናት በተሰካው የጠርሙስ ስባሪ ላይ የኣንዶም ጃኬት እጥፍ ተደርጎ ተነጥፏል፤ አንድ እጅጌው ተተርትሯል።

ከቀብሩ በፊት የቤተሰቡን ቄስ፣ አጎትየውን፣ አማካሪውንና እናቲቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሊሞት የወጣ ሰው ጠርሙስ እንዳይቆርጠው ለመዳፉ አይሳሳም» አለች። «ኣንዶም ሊሻገር ነው የወጣው። ጃኬቱ ተቀዶ ተንሸራተተበት።»

«ወዴት ሊሻገር?» አሉ ቄሱ።

«ሕክምናው ጋ ነዋ። የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የቀጠሮው ቀን። እስክንድር፣ መልእክቱ ዓርብ ነው የገባው። ያለፈ ሐሙስ እንዴት ይሰረዛል? አንተ ‹ይቅር› ሲል መተው መሰለህ። በዚህ ቤት ሰዎች ቋንቋ ግን የሚተው ነገር ‹ይትረፍ› ነው የሚባለው። ‹ይቅር› ምሕረት ነው። ስለቀረበት ሐሙስ ይቅርታ ነው የጠየቀህ። መልስ ሲያጣ ራሱ ሊመጣ ተነሣ።»

እስክንድር ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ ቄሱ።

«ሊድን ነበር?» አሉ ኣደይ ኣስካል። «ልጄ ሊድን ነበር?»

«አዎ፣ ኣደይ።»

ሳምራዊት እዚህ ላይ ልታቆም ፈልጋ ነበር። የቀረውን ከቁልፉ ቋጠሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። ረዳኢ ግን አላስቻለውም።

«በር እያለ ግንብ ምን አስወጣው?»

የኣደይ ኣስካል እጅ ቀስ ብሎ ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ወጥቶ እንዳይሞትብኝ ብዬ ከውጭ ቆልፌ ሄድኩ።»

«ኣደይ፣ ማንም እናት…» ብላ ጀመረች ሳምራዊት። አልጨረሰችውም፤ በቦታቸው ብትሆን እሷም ትቆልፍ ነበር።

ኣደይ ኣስካል ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው ቁልፉን ጃኬቱ ላይ አስቀመጡ።

«ይቅር፣ ወደይ፣ ልጄ» አሉ።

እስክንድር ቀና ብሎ አያቸው። የቃሉ ትርጉም በዚህ ጊዜ አልጠፋውም።